ዳይሬክተሩ ምን ነበር ያለው?

ሰውዬው ብዙ ተናገረ። እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ለትንፋሽ እንኳ ሳያርፍ ተናገረ። አስተርጓሚዋ አዳምጣ ስትጨርስ ወደ አሜሪካዊው ተዋናይ ዞረችና አንድ አጭር ነገር ነገረችው፤ ዞር ብለህ ካሜራውን እንድታይ ይፈልጋል። ተዋናዩ ግራ ተጋባ። ያለው ይህን ብቻ ነው? ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ሁሉ ንግግር ይህቺ ብቻ ልትወጣ እንደማትችል ማንም ያውቃል። እንስቃለን።

ትዕይንቱ ሶፊያ ኮፖላ ጽፋ ካዘጋጀችው «ሎስት ኢን ትራንስሌሽን» ከተባለው የ2003 ፊልም ነው። (ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ቦብ ሃሪስ ዝናው የቀዘቀዘ የሆሊውድ ተዋናይ ነው፤ በ2 ሚሊዮን ዶላር የውስኪ ማስታወቂያ ሊሠራ ቶኪዮ መጥቷል። ሻርሎት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣች፣ ፎቶ አንሺ ባሏን ተከትላ የመጣች ወጣት ናት። ሁለቱም እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው በሺንጁኩ አንድ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል ውስጥ ይገናኛሉ። ፊልሙ በወጥ የፊልም ጽሑፍ ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። እስካሁንም ስለ ጃፓን ጉዞ ሲወራ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም።

እኔም ፊልሙን እወደዋለሁ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ባየሁት ቁጥር ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይቀራል፤ ዳይሬክተሩ ምን ነበር ያለው?

ጃፓንኛ ለሚሰማ ሰው ይህ ምስጢር አይደለም። ሰውዬው የሚለው በግርድፉ እንዲህ ነው፤ በሥራ ክፍልህ ውስጥ ተረጋግተህ ተቀምጠሃል፤ ጠረጴዛው ላይ ውስኪው አለ፤ የድሮ ጓደኛህን እንዳገኘ ሰው ካሜራውን ቀስ ብለህ፣ በፍቅር ተመልከት፤ «ካዛብላንካ» ላይ እንዳለው ሃምፍሪ ቦጋርት ሁን። በቃ። ሰውዬው አላበደም። ለተዋናይ መነገር ያለበትን ነው የተናገረው፤ ስሜት፣ ቦታ፣ ፍጥነት፣ ምሳሌ። ምናልባት ትንሽ ይንጠራራ ይሆናል እንጂ የሚፈልገውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ግን ፊልሙ ንግግሩን አይተረጉምልንም። ጃፓንኛው ያለ ሰብታይትል ነው የቀረበው። ይህ በዝንጋታ የሆነ አይደለም፤ እኛም እንደ ቦብ እንድንደናበር ታስቦ የተደረገ ነው፤ ተሳክቶለታልም። ዋጋው ግን ይኸውላችሁ፤ ዳይሬክተሩ ቃሉን ተነጥቆ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጃፓንኛ የሚሰማ ተመልካች አንድን ጠንቃቃ ዳይሬክተርና ሥራዋን ያቃለለች አስተርጓሚ ሲያይ፣ ሌላው ተመልካች የሚጮህ ሰው ያያል። አንድ ትዕይንት፣ ሁለት ፊልም። ዓለምን የዞረው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ስለ ጃፓን ጉዞ የሚጻፍና የሚቀረጽ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል እንደዚህ ያለ ትዕይንት አለው። ተጓዡ አንድ ቀን ሊጎበኝ ይወጣል፤ መቅደስ ያያል፣ ባቡር ይሳሳታል፣ ጫማውን በማይሆን ቦታ ያወልቃል ወይም አያወልቅም፣ ሰው ይቆጣዋል ወይም ይስቅበታል፤ ማታ ሆቴሉ ተመልሶ ይጽፈዋል። መደናበር የጉዞ ጽሑፍ እንጀራ ነው። ሁሉ ነገር የተሳካለትን ተጓዥ ማን ያነበዋል? ስለዚህ መደናበሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከመደናበሩ በኋላ ያለው ቅጽበት ላይ ነው። ያኔ ያኛው ሰው የሆነ ነገር ይላል። ጽሑፉ ይሰማዋል ወይስ ጥሎት ያልፋል?

* * *

ኮፖላ ራሷ የሰጠችንን የጉብኝት ቀን እንመልከት። ሻርሎት ብቻዋን በባቡር ወደ ኪዮቶ ትሄዳለች። በናንዘንጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ በባህል ልብስ ያጌጡ ሙሽሮች ሲያልፉ ታያለች፤ ሙሽራው እጁን ይዘረጋል፣ ሙሽራዋ ትይዘዋለች። በሄያን መቅደስ ኩሬ ላይ በተደረደሩት ድንጋዮች ትራመዳለች። ወረቀት የበዛበት ዛፍ ላይ የራሷን ወረቀት ታስራለች። ሙዚቃው ይፈስሳል። አንድም ቃል አይነገርም።

ውብ ነው፤ አልክድም። ሙሽራዋን ስታይ የሻርሎት ፊት የሚለው ነገር ስለ ገዛ ትዳሯ ብዙ ይነግረናል። ቶኪዮና ኪዮቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ ነገር ይገለጣል። በቶኪዮ ጃፓኖች ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ያስቃሉ። «ር» እና «ል» የሚምታታባት ሴት ለሳቅ ትቀርባለች፣ ዳይሬክተሩ ለሳቅ ይቀርባል፣ የቴሌቪዥን አቅራቢው ለሳቅ ይቀርባል። በኪዮቶ ግን ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉም ያምራሉ። አስቂኝ ወይም ውብ፤ ሦስተኛ ምርጫ የላቸውም። ዛፉ ላይ የሚታሰረው ወረቀት እንኳ ታሪክ አለው። ከየመቅደሱ የሚወጣ የዕጣ ጽሑፍ ነው፤ በተለምዶ መጥፎ ዕጣ የደረሰው ሰው ክፉው ነገር እዚያው ይቅር ብሎ ቅርንጫፍ ላይ አስሮት ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ያን ዛፍ ሲያይ የሰዎች ስጋት የተንጠለጠለበት ዛፍ ነው የሚያየው። ፊልሙ ግን ጌጥ አድርጎት ያልፋል።

ደግነቱ ኮፖላ ይህን ሕግ አንድ ቦታ ላይ ትጥሰዋለች። ሻርሎት እግሯ ተጎድቶ ሆስፒታል ሲሄዱ ቦብ ተራ ሲጠብቅ፣ ከጎኑ የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ ሰው በጃፓንኛ አንድ ነገር ይጠይቁታል። አልገባውም። ይደግሙለታል፣ በእጃቸው ክብ እየሠሩ ያሳዩታል። እሱም እጁን እያዞረ ይመልስላቸዋል። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ይፈነዳሉ። እዚህ ጋ ሳቁ አቅጣጫውን ይቀይራል። የአገሩ ሰዎች ስቀው እኛም አብረናቸው እንስቃለን። ምንም ሳይተረጎም ሁሉም ሰው ሰው ሆኖ የቀረበት ቅጽበት ነው። ፊልሙ እንዲህ ማድረግ መቻሉ ነው ሌላውን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ።

* * *

ዛሬ ይህ ዓይነቱ ነገር ከሲኒማና ከመጽሐፍ ወጥቶ ስልካችን ላይ ነው ያለው። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ጃፓን ሁለት መልክ አላት። አንደኛው «ጃፓን 2050 ላይ እየኖረች ነው» የሚለው ነው፤ የሚናገር ሽንት ቤት፣ በሰከንድ የማይዘገይ ባቡር፣ መንገድ ላይ አንዲት ወረቀት የለም። ሁለተኛው «ጃፓን ውስጥ ጉድ የሆንኩበት ቀን» ነው። በሁለቱም ውስጥ ከጃፓናዊ አፍ የወጣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ፈልጉና አምጡልኝ እስቲ።

የሚያሳዝነው ደግሞ እነዚያ «ሕጎች» ሲጠየቁ መልስ ያላቸው መሆኑ ነው። የመብያ እንጨቱን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገህ አትትከል ይባላል፤ ለምን? ለሞተ ሰው የሚቀርብ ሩዝ ነው እንደዚያ የሚደረግበት። ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት አታቀብል ይባላል፤ ለምን? አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ የሟቹን አጥንት በእንጨት እያነሣ የሚቀባበለው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ቪዲዮው ላይ «አስተናጋጁ አፈጠጠብኝ፣ ሃሃ» ተብሎ የታለፈው ነገር ማዕድ መሐል ድንገት የቀብር ሥርዓት ማየት ነው። ከእኛ ቤት ልቅሶ ላይ ብቻ የሚደረግ ነገር አንድ እንግዳ ልደት ላይ ሲያደርገው አስቡት። ማፍጠጥ ያንሰዋል።

የቆሻሻ ነገርም እንደዚያው ነው። ጎብኚው የበላበትን ላስቲክ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚጥልበት ያጣል፤ ይህም ቀልድ ነው። ነገር ግን መጋቢት 20 ቀን 1995 የኦም ሺንሪኪዮ አባላት በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለውን መርዝ ጋዝ ከለቀቁ በኋላ ነው ብዙ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ለደኅንነት ሲባል የተነሡት። በዚያ ጠዋት ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎድተዋል። መደናበሩ አስቂኝ መሆኑ አይቀርም። ግን አንድ «ለምን?» ቢጨመርበት ቀልዱ ታሪክ ይሆን ነበር።

* * *

ይህ ጉዳይ እኛን ለምን ያገባናል? እኛም በወዲያኛው በኩል ቆመን ስለምናውቅ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ኢቭሊን ዎ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ደራሲ ለጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ያየውን በ1931 «ሪሞት ፒፕል» በሚል መጽሐፍ አሳተመው። ዎ ብዕሩ ስል ነው፤ እየተናደዱም ያስቃል። ያላለቀው ግንባታ፣ የተደበላለቀው የሥነ ሥርዓት ሰዓት፣ የተጨነቁት ዲፕሎማቶች፣ ሁሉም ለቀልድ ይውላል። ከአንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ጋር ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ቅዳሴ ሲያይ፣ አዋቂ ነኝ ባዩ ፕሮፌሰር ቅዳሴው የቱ ጋ እንደደረሰ እየተሳሳተ ሲያብራራለት የሚያሳየው ክፍል በጉዞ ጽሑፍ ውስጥ ካነበብኳቸው አስቂኝ ገጾች አንዱ ነው። እዚያ ላይ የሚሳቅበት ፈረንጁ ስለሆነ ደስ ይላል።

ግን ያኔ የሚቀድሱት ካህናትስ? ምን እያሉ ነበር? ይህ እኮ ለሺህ ዓመታት የተባለ፣ ቃል በቃል ያለ ነገር ነው። ለዎ ግን የጨለማ ክፍልና የማይገባ ድምፅ ነው። ያን ገጽ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ የውስኪ ማስታወቂያውን ፊልም የሚያይ ጃፓናዊ ቦታ ላይ ይቀመጣል። የተቆረጠው ምን እንደሆነ ያውቃል። ዛሬም የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ባለማወቁ አውቶቡስ ያመለጠው ጎብኚ የሚጽፈውን ስናነብ ይህ ስሜት ይመጣብናል። ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው ብሎ አንድ የሚል ሕዝብ ምኑ ይገርማል? ማንም ግን አልጠየቀንም።

* * *

እንግዲህ ዎ አዲስ አበባ ላይ በሳቀ ማግስት፣ በ1931፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኞችን መርተው ጃፓን ሄዱ። ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፣ ከተማና ፋብሪካ ጎበኙ፤ ሲመለሱም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱ ራሱ አቋማቸውን ይናገራል፤ የብርሃን ማደሪያ።

ከዎ ወደ ኅሩይ ሲሻገሩ አየሩ ይለወጣል። ኅሩይ ሊስቁ አልሄዱም፤ ሊማሩ ነው የሄዱት። በሁለቱ አገሮች መካከል ዝምድና ይፈልጋሉ፤ ከሁሉም በላይ ሳይቋረጥ ቆየ የሚባለውን የሁለቱን ዘውድ ያነጻጽራሉ። ብቻቸውንም አልነበሩም። በዚያው በ1931 የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው የተረቀቀው። ከጦርነቱ በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠይቀው መጽሐፍ ጽፈዋል። ለዚያ ትውልድ ጃፓን መልስ ነበረች፤ ፈረንጅ ሳይሆኑ መሠልጠን ይቻላል የሚል መልስ።

እነዚህን ሰዎች ማድነቅ ያስፈልጋል። ዓለም ሲስቅብህ ሌላ አገር ሄደህ በአክብሮት መማር ትልቅነት ነው። ሆኖም አድናቆትም እንደ ሳቅ ያለ የራሱ ድንቁርና አለው። የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር የጀመረው በመስከረም 1931 ነው፤ የእኛ ሰዎች ጉብኝት የዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የብርሃኑ ማደሪያ በዚያው ሰሞን የጎረቤቱን መሬት ይነጥቅ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ጣሊያን እኛን ወረረች፤ ጃፓንም በ1936 መጨረሻ በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ ወረራውን በተግባር ተቀበለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1938 በስደት እንግሊዝ አገር ዐረፉ። ይህን እያወቅን መጽሐፉን ዛሬ ስናነብ ርዕሱ ልብ ያደማል።

በመካከሉ አንድ ያልተሳካ ጋብቻም አለ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገቡ አስበው፣ ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች የባላባት ልጅ ተመርጣ ነበር፤ ነገሩ ግን በ1934 ፈረሰ። እኛ ይህን ታሪክ ስንተርከው ስለ ዲፕሎማሲ፣ ስለ ጣሊያንና ስለ ዘር ፖለቲካ እናወራለን። በፈቃዷ የማታውቀው አህጉር ሄዳ ልትኖር የተነሣችው ወጣት ግን ምን አለች? ይኸው ነው፤ ስንስቅም ስንሰግድም ያኛውን ሰው ዝም እናሰኛለን። የሚስቀው ሰው ያኛው ምንም የሚለው የለም ብሎ ያስባል፤ የሚሰግደው ደግሞ የሚለውን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስለዋል።

* * *

«እሺ፣ ቋንቋውን መማር ነዋ መፍትሔው» የሚል ይኖራል። የቤልጂጓ ደራሲ አሜሊ ኖቶም ለዚህ ምርጥ መልስ አላት። በ1999 ያሳተመችው «ስቱፐር ኤ ትራምብልማን» የተባለ አጭር ልቦለዷ በአንድ ትልቅ የጃፓን ድርጅት ስለተቀጠረች አሜሊ ስለምትባል ወጣት ነው። አንድ ቀን ለእንግዶች ቡና እንድታቀርብ ትታዘዛለች። እያንዳንዱን ስኒ ስታስቀምጥ ተገቢውን የትሕትና ቃል በጠራ ጃፓንኛ ትላለች። ጎንበስ ትላለች። አንዲት ጉድለት የለባትም።

አለቆቿ ግን ይቆጣሉ። ቋንቋቸውን የምትሰማ ነጭ ሴት ክፍሉ ውስጥ እያለች እንግዶቹ እንዴት ተማምነው ይናገሩ? ስለዚህ ትእዛዝ ይወጣል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጃፓንኛ አትችይም። ኧረ የሰማኸውን ቋንቋ እንዴት ነው የማትሰማው? አይሆንም ማለት ግን አይቻልም።

ይህ ከኮፖላ ትዕይንት ጋር በተቃራኒ የተሠራ ነው። እዚያ መደናበር የመጣው ካለማወቅ ነው፤ እዚህ ከማወቅ። ኖቶም ደግሞ አለቆቹን ታናግራቸዋለች፤ ምክንያታቸውን ሙሉ በሙሉ እንሰማለን፤ ቂል ቢመስልም ምክንያት ነው። የዚህ መጽሐፍ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። አሜሊ እየወረደች እየወረደች ሽንት ቤት ጠባቂ ስትሆን፣ ልቦለዱ አንድን ድርጅት የአገር ሁሉ ምሳሌ አድርጎ መበየን ይወዳል። ስለ ጃፓናዊት ሴት ዕጣ ረጅም ዲስኩር ስታደርግ፣ ዲስኩሩ የሚደረግላት አለቃዋ ፉቡኪ ራሷ ብትናገረው ምን ትል ነበር እላለሁ። ያም ሆኖ መጽሐፉ ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ ቋንቋ ማወቅ በር ያስከፍታል፤ ግባ የሚልህ ግን ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ ደግሞ አንዳንዴ በግልጽ ይናገራል። በ2024 ጃፓንን ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኛት። በዚያው ዓመት የኪዮቶዋ የጊዮን ሰፈር ነዋሪዎች ጠባቦቹን የግል መተላለፊያዎች ለጎብኚ ዘጉ፤ 10,000 የን ያስቀጣል የሚል ማስጠንቀቂያም ተለጠፈ። ምክንያቱ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ማይኮዎችን እየተከተሉ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች መብዛት ነው። ይህን የዘገቡ ብዙዎች «ጃፓን እንግዳ ጠላች» አሉ። እኔ ሳነበው ግን የመጣብኝ የኮፖላ ኪዮቶ ነው፤ ውብና ዝምተኛዋ ከተማ። ለካ የምትለው ነበራት። «ሥራ ላይ ነኝ፣ አሳልፈኝ።»

* * *

በመጨረሻ ልመክራችሁ የምፈልገው ፊልም ላይ አንድም የውጭ አገር ሰው አይደናበርም። ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራው «ቶኪዮ ስቶሪ» ነው። በ2012 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓለም ዳይሬክተሮችን ሲጠይቅ ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ያሉት እሱን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሹኪቺና ቶሚ የተባሉ አዛውንት ባልና ሚስት ኦኖሚቺ ከተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተነሥተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሐኪሙ ልጅ ሽርሽር ሊወስዳቸው ለብሰው ተዘጋጅተው ሳለ በሽተኛ ይጠራዋል። የውበት ሳሎን ያላት ልጃቸው ለደንበኛዋ ወላጆቼ ናቸው ማለት አፍራ ከገጠር የመጡ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው ትላለች።

እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው እንላለን አይደል? እነዚህ አዛውንቶች በገዛ ልጆቻቸው ቤት መዳብ ሲሆኑ እናያለን።

በዚህ መሐል አንድ የጉብኝት ቀን አለ። በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት የነበረችው ኖሪኮ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በጎብኚዎች አውቶቡስ ታዞራቸዋለች። አስጎብኚዋ በማይክሮፎን ስለ ቶኪዮ ታሪክ ታወራለች፤ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በአንድነት በአውቶቡሱ ንቅናቄ ይወዛወዛሉ፣ በአንድነት ይዞራሉ። ያስቃል። ከዚያ ከአንድ ሕንፃ ላይ ሆነው ከተማዋን ሲያዩ ኖሪኮ በጣቷ ታሳያቸዋለች፤ የወንድ ልጃችሁ ቤት በዚያ በኩል ነው፣ የሴት ልጃችሁ በዚህ በኩል። የእርስዎስ? ሲሏት የራሷንም ታሳያለች። አንድ ከተማ ሙሉ ከፊታቸው ተዘርግቶ የእነሱ ቦታ የቱም ጋ የለም። ቀጥሎ ወደ ጠባብ ክፍሏ ትወስዳቸዋለች። የሚቀርብ መጠጥ ስለሌላት ከጎረቤት ሳኬና መቅጃ ተበድራ ትመጣለች። ሹኪቺ ይጠጣል። ግድግዳው አጠገብ የሟቹ ልጅ ፎቶ አለ።

ኦዙ ከኮፖላ የሚለይበት ዋናው ነገር የአገሩ ተወላጅ መሆኑ አይደለም። ተወላጅም የራሱን ሰው ጌጥ አድርጎ መቅረጽ ይችላል፤ እኛ አገር የሚሠሩ ስንት የቱሪዝም ቪዲዮዎች አሉ። ልዩነቱ ካሜራው የሚናገረውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀስ መጠበቁ ነው። ጨካኝ የምንላት ልጅ እንኳ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አላት፣ የምታስተዳድረው ሳሎን አላት፣ የደከመ ትከሻ አላት። ስለዚህ ልንጠላት ስንል ያቅተናል። ማንም እዚህ ፊልም ውስጥ አስቂኝ ብቻ ወይም ውብ ብቻ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ እንደምትጽፉና እንደምትቀርጹ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ለትምህርት፣ አንዳንዶቻችሁ ለሥራ፣ አንዳንዶቻችሁም ለመዝናናት ቶኪዮ ወይም ሌላ ቦታ ትሄዳላችሁ፤ ትደናበራላችሁም። ጻፉት፣ አሳቁን። ብቻ ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ወይም ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ እዩት፤ አስተናጋጁ ያን ጊዜ የተናገረው ነገር አለ፤ ባቡር ጣቢያ ያገኛችኋቸው እናት የጠየቋችሁ ነገር አለ። ያልገባችሁ ከሆነ የሚሰማ ሰው ፈልጋችሁ አስተርጉሙት። ምናልባት ያሉት ነገር ተራ ሆኖ ይገኛል፤ ጫማህ ተፈትቷል፣ ልጄ፣ እንዳትወድቅ። እሱን ጨምሩልን።